አሥራ ሁለት ቁራጭ እንጨት

መስከረም 18

ለእህቴ ልጅ ለስንጥሬ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ በሙሉ ጤና ያግኝሽ። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏ ጤነኛ ነው፤ እንደ ወትሮዋ ከጠዋት እስከ ማታ ታዘኛለች።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የመጣው ጥቅል ሲከብድሽ "አጎቴ የሚበላ ነገር ላከልኝ" ብለሽ እንዳትቋምጪ። እንጨት ነው። ሰው ወደ ውጭ አገር እንጨት ይልካል ወይ ብሎ የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ ሁለት ጊዜ አየኝ። እኔም "የእህቴ ልጅ እዚያ ሻጋታ ትቀልባለች፣ የሻጋታዋ ምሳ ነው" አልኩት። እናትሽ ሥራሽ ይኸው ነው ስትለኝ እኮ በሳቅ ልሞት ነበር። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ በነጻ ስቀልበው ኖሬ፣ አንቺን ለዚሁ ቢሮ ሰጡሽ!

ቀልዱን ልተውና ወደ ቁም ነገሩ። ከዋናው መንገድ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ያለውን ረግረግ ታስታውሺዋለሽ። በላዩ የሚያልፈውን የእንጨት መሻገሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ። በአራት ዓመቱ በሰበሰ። ባለፈው ዓመት አንዷ አስተማሪ ከነደብተሮቿ እስከ ወገቧ ገባች። አልተጎዳችም፣ ግን ጭቃው የነካው እሷን ብቻ አይደለም፣ ስሜንም ነው። ዳይሬክተሯ እንደገና እንድሠራው ፈቅዳልኛለች። "ዳሩ ግን" አለች፣ "ይኸኛው እንደማይበሰብስ የሚመሰክር ወረቀት አምጣ፤ ያለዚያ ሥራውን ለሚስማር እሰጣለሁ።" ሚስማር የምንለው የታችኛው ሰፈር አናጢ ነው፤ ቀጭንም ጠማማም ስለሆነ ነው ስሙ የወጣለት።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንዳልቀባ ተከልክያለሁ፣ ወደ ጉድጓድ ውሃው ይሰርጋል ተብሎ። እሺ፣ እኔም የሰው ልጅ አልመርዝም። ስለዚህ የኒም ቅጠልና ፍሬ በበርሜል ቀቅዬ እንጨት መንከር ጀምሬያለሁ። ከላክሁልሽ ከአሥራ ሁለቱ፣ ቀይ ክር ያሰርኩባቸው ስድስቱ ሦስት ቀን የተነከሩ ናቸው። ስድስቱ ባዶ ናቸው። ሻጋታሽን ልቀቂባቸውና የሚሆነውን አይተሽ ማህተም ያለው ወረቀት ላኪልኝ። ማህተሙ ክብ ይሁን፤ እዚህ ክብ ካልሆነ አያምኑም።

ስልክ አትደውዪ። ጆሮዬን የመጋዙ ሞተር ስለበላው "እሺ፣ እሺ" ከማለት በቀር የምሰማው የለም። እስክትጽፊልኝ ድረስ አንድ ቋሚ አልተክልም።

ክፉ አይንካሽ፣
አጎትሽ አናጢው

*

ጥቅምት 15

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጋሼ፣ እጅዎ አይዛል፣ ጉልበትዎ አይክዳዎት። እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ናፍቆቱም ቢሆን እንደ ጥርስ ሕመም ነው፣ ሥራ ሲበዛ ይረሳል።

ጥቅሉን የከፈትኩት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። አለቃዬ አንዱን ቁራጭ አንሥታ በጣቷ ዳሰሰችውና "ይህን ማን ላገው?" አለችኝ። "አጎቴ" አልኳት። በዚያች ደቂቃ ቁመቴ አንድ ክንድ ጨመረ።

አሠራሩን ልንገርዎት። ቁራጮቹን በምድጃ አድርቄ በሚዛን መዘንኳቸው። ከዚያ እያንዳንዱን ቁራጭ ፈንገስ በሚያድግበት ጠርሙስ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሻጋታ ብለው አይጥሩብኝ እንጂ! ሻጋታ ላይ ላዩን ነው፣ ቢጠርጉት ይሄዳል። ይኼኛው ግን ውስጥ ገብቶ እንጨቱን የሚበላ ነው። ከአሥራ ሁለት ሳምንት በኋላ አውጥቼ እንደገና እመዝናቸዋለሁ፤ የጎደለው ክብደት የተበላው ነው። ባዶዎቹ ተበልተው የተነከሩት ከዳኑ፣ ውሃዎ ሠራ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ቢለምኑኝም ቢቆጡኝም አልከፍትም።

እስከዚያው ይጻፉልኝ፦ ቅጠሉ ምን ያህል ነው? ውሃውስ? ስንት ሰዓት ፈላ? እንጨቱ ከየትኛው ዛፍ ነው? ለመሻገሪያው ያሰቧቸው ቋሚዎችስ ከዚያው ናቸው?

ለእናቴ የጉልበት ቅባት ልኬያለሁ። እባክዎ እንጨት ላይ ቀብተው እንዳይሞክሩት።

የእርስዎው ስንጥር

*

ኅዳር 28

ለስንጥሬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ቅባቱ ደርሷል፤ እናትሽ ከጉልበቷ አልፋ ለጎረቤት ሁሉ እያደለች ነው። ዶክተር ሆናለች።

ልኩ ይኸውልሽ፦ ሁለት ጆንያ የኒም ቅጠል፣ ሁለት ጣሳ የተወቀጠ ፍሬ፣ ግማሽ በርሜል ውሃ። ከጠዋት እስከ ምሳ ይፈላል። ሽታው ለጉድ ነው! እናትሽ ሦስት ቀን ሙሉ ምሳዬን በመስኮት ነው ያቀበለችኝ። ቋሚዎቹ ከዚያው ናቸው ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ዓይነቱ ያው ዛፍ ነው። አርባ ዓመት እንጨት የጋዘ ሰው ስለ እንጨት አይጠየቅም፣ ስንጥሬ።

ዳይሬክተሯ ወረቀቱን በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች። የማህተሙ ነገር ቢያስቸግርሽ ይቅር፣ ፊርማሽ ይበቃል። እንዲያውም ሁለት መሥመር ብትጽፊ ይበቃል። አሥራ ሁለቱ ሳምንት አሥር ቢሆንስ ምን ይላል?

ደግሞ እንዲያው ለማወቅ ያህል፦ አንድ ቋሚ ጭቃ ውስጥ ከቆመ ፈንገሱ መብላት የሚጀምረው ከየት ነው? ከታች ከሥሩ ነው ወይስ ከመሬቱ አፍ ላይ? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

አጎትሽ

*

ጥር 22

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጋሼ፣ ጤናዎ እንደ ምኞቴ ይሁን። ዛሬ ሰላምታ ለማብዛት ትዕግሥት የለኝም፣ ይማሩኝ!

ቀይ ክር ያለባቸውን ስድስቱን ዛሬ ከፈትኳቸው። ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አልጎደሉም! ፈንገሱ በላያቸው ጥጥ መስሎ ተኝቷል፣ ግን ጥርሱ አልገባም። እንዲህ ያለ ነገር ከተቀቀለ ቅጠል አይቼ አላውቅም። ጮህኩ፤ ከጎረቤት ክፍል ሰው መጣ፤ "የአጎቴ በርሜል ነው" ብዬ ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ።

ባዶዎቹን በሚቀጥለው ሳምንት እከፍታለሁ። በደንቡ ቢሆን መጀመሪያ መታየት የነበረባቸው እነሱ ናቸው፤ አላስቻለኝም። አፈር ሆነው እንደማገኛቸው አልጠራጠርም።

ስለ ቋሚው ለጠየቁኝ፦ ከመሬቱ አፍ ላይ ነው የሚጀምረው፣ አየርና እርጥበት በሚገናኙበት።

በደስታ፣
ስንጥር

*

መጋቢት 1

ለስንጥሬ፣ ለአገር መመኪያ፣

ሺህ ዓመት ኑሪልኝ! ደብዳቤሽን በወላጆች ስብሰባ ላይ አስነበብኩት። ያነበበችው ዳይሬክተሯ ናት፣ "ጥርሱ አልገባም" የሚለው ላይ ስትደርስ ሰው አጨበጨበ። ሚስማር ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ሲወጣ ጠጋ ብሎ "እስቲ ስንት ጆንያ ቅጠል ነው የጨመርክ?" አለኝ። "ሚስጥር ነው" አልኩት። ልናገራት አርባ ዓመት የጠበቅኋት ቃል ናት።

ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? የባዶዎቹን ነገር በሚቀጥለው ሳምንት ብለሽ አምስት ሳምንት አለፈ። ምን ያህል እንደበሰበሱ ንገሪኝና ለሰዉ ላውራለት። ፎቶግራፍ ብታክዪበት ደግሞ ወርቅ ነው። አሞሽ እንደሆነም አትደብቂኝ። እናትሽ የፖስታ ቤቱን በር እያየች ነው፤ እኔም አይቼዋለሁ መሰለኝ።

አጎትሽ

*

መጋቢት 21

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጋሼ፣ ጤና ይብዛልዎ። አልታመምኩም። ይህን ደብዳቤ ግን ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ባዶዎቹም አልበሰበሱም።

መጀመሪያ ጠርሙሶቹን ያደባለቅሁ መሰለኝ። ፈንገሱ ሞቶ ይሆናል ብዬ ሌላ እንጨት ሰጠሁት፤ ያንን እንክት አድርጎ በላው። በመጨረሻ ቁራጮችዎን በማጉያ መነጽር አየኋቸው። አሥራ ሁለቱም ከዛፉ መሐል፣ ከቀዩ ልብ የተቆረጡ ናቸው። አንድ ቋጠሮ የለባቸው፣ አንድ ነጭ መሥመር የለባቸው። ያረጀ ዛፍ ልቡ ውስጥ የሚያጠራቅመው መራራ ነገር አለ፤ ፈንገስ አይደፍረውም። ኒሙ ይሥራ አይሥራ ይህ ፈተና ምንም አይነግረንም። ያልታመመ ሰው መድኃኒት አጠጥተን "ዳነ!" ብለን አጨበጨብን።

ከልጡ ሥር ያለውን ነጩን፣ ደካማውን ለምን አልላኩልኝም ብዬ አልጠይቅዎትም። አውቀዋለሁ። "በሰው አገር ሰው ፊት የተበላሸ እንጨት አላሳይም" ብለው ነው። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ከየትኛው የዛፉ ክፍል እንደሆነ መጠየቅ ሲገባኝ፣ በላጉት እንጨት ስኮራ ረሳሁት። በዚያ ላይ ባዶዎቹን ሳላይ የምሥራች ላክሁ።

ባዶዎቹን ከከፈትኩ ሰባት ሳምንት ሆኖኛል። አራት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ። መላጊያ ያስያዘኝን ሰው ስም እኔ ላጥፋ? እያልኩ ነው። ሰው አጨበጨበ የሚለውን ደብዳቤዎን ሳነብ ግን አለቀስኩ። አንድ ያጽናናኝ ነገር ቢኖር፣ "እስክትጽፊልኝ አንድ ቋሚ አልተክልም" ማለትዎ ነው። አልተከሉም፣ አይደል?

ስንጥር

*

ሚያዝያ 14

ለእህቴ ልጅ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

ተክያለሁ።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍልሽ በኒሙ የተነከሩት ሠላሳ ስምንቱም ቋሚዎች ረግረጉ ውስጥ ከቆሙ ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። ትምህርት ሊከፈት ነው፣ ዳይሬክተሯ አስጨነቀችኝ፤ "ወረቀቱ ተጽፏል፣ መንገድ ላይ ነው" አልኳት። ላንቺም "አልተክልም" አልኩ። ሁለታችሁንም ዋሸሁ። ለሥራዬ እርግጠኛ ስለነበርኩ ውሸት አልመሰለኝም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። መሮዬን ይዤ ሄድኩ። ልጆቹ ክፍል ገብተዋል። ሱሪዬን ሰብስቤ ጭቃው ውስጥ ገባሁና አንቺ እንዳልሽው ከመሬቱ አፍ ላይ መሮውን ገፋሁት። ሁለት ጣት ገባ። በመዶሻ አልመታሁትም፣ በእጄ ነው። ቀጥሎ ያለውም ያው። አሥራ አንዱን ከሞከርኩ በኋላ መቁጠር አቃተኝ። ወጣት ዛፎች ነበሩ፣ ነጭ በነጭ፣ ገና ልብ ያላወጡ። ላንቺ የመረጥኩት ለቁም ሳጥን ካስቀመጥኩት ትልቅ ግንድ ላይ ነው። እንዳልሽው ነው፤ መጥፎውን ልልክልሽ እጄ እምቢ አለኝ። የሰው ልጅ የሚሄድበት ላይ ግን መጥፎውን ተክያለሁ።

ወጥቼ በሁለቱም አፍ ጣውላ መትቼ ዘጋሁት። ልጆቹ ያን ቀን በዙሪያው በኩል ሄዱ፤ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ከፊታቸው እኔ ነበርኩ።

አሁን ደግሞ የኔ ተራ ነው። ሰባት ሳምንት! አንቺ ልጅ፣ ምን ነክቶሻል? ሰባት ሳምንት ሙሉ ልጆች በዚያ ላይ ሮጡ! እናትሽ ፊት ስምሽን እያነሣሁ ቤቱን በጩኸት አናወጥኩት። እሷ "አንተስ ስንት ሳምንት ነው የዋሸኸው?" አለችኝ። ቆጠርኩት። ሰባት ወር አልፏል። አንድ ነገር ግን ያዢልኝ፦ ከእንግዲህ የምትፈሪኝ ከሆነ አንድ ቀን ፍሪኝ፣ በሁለተኛው ቀን ጻፊ።

ወላጆቹን አሰብስቤ ቆሜ ነገርኳቸው። ምንም አላስቀረሁም፣ "ወረቀቱ መንገድ ላይ ነው" ያልኩትን እንኳ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አንዲት እናት "ልጄ በቀን ሁለት ጊዜ ነው የምታልፍበት" ብቻ ብላ ተቀመጠች። ዳይሬክተሯ "እንግዲህ ማን ይሥራው?" ስትል ሚስማር ተነሣ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ሰውዬው ኮፍያውን አውልቆ ምን ቢል ጥሩ ነው? "እኔ ብሆን ኖሮ መሮው የገባበትን በጭቃ ለስኜ ዝም እል ነበር። እውነቱን ነቅሎ ያወጣው እሱው ይትከለው።"

ዳይሬክተሯ እሺ አለች። እውነተኛው ወረቀት ካልመጣ ግን አንዲት ቋሚ እንዳላነሣ በሕዝብ ፊት አስማለችኝ።

አብሮ የመጣው ሃያ አራት ቁራጭ ነው። አስቀያሚዎች ናቸው፤ ነጭ፣ ቋጠሮ የበዛባቸው፣ ጠማማ። አልላግኋቸውም። እጄ እየበላኝ ተውኳቸው። አለቃሽ ማን ጋዘው ብላ ከጠየቀችሽ፣ እውነቱን ንገሪያት።

አጎትሽ

*

ነሐሴ 18

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጋሼ፣ በያሉበት ሰላም ይክበብዎት። ቁጣዎ ደርሶኛል። ይገባኝ ነበር፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለአለቃዬም ጠርሙሶቹን ያለተራቸው እንደከፈትኩ ነገርኳት። እሷም ተቆጣች፤ በሁለት አገር ተቆጥታችሁኛል፣ አሁን ቀልሎኛል።

ሃያ አራቱን በአራት ከፈልኳቸው። ስድስቱ ባዶ። ስድስቱ በእርስዎ ልክ በተቀቀለ ኒም የተነከሩ። ለሌሎቹ አሥራ ሁለት ደግሞ አንድ ነገር መጣልኝ። ያ ቀይ ልብ በራሱ ከዳነ፣ ያዳነው ነገር እኮ ሰጋቱራው ውስጥም አለ፤ እርስዎ በየቀኑ ጠርገው የሚጥሉት! የድሮዎቹን ቁራጮች በመጋዝ ቆርጬ ሰጋቱራቸውን ከኒሙ ጋር ቀቀልኩና ነከርኳቸው። ከእነዚህ ስድስቱን ደግሞ ዝናብ እንደመታቸው ይሁኑ ብዬ ሁለት ሳምንት ውሃ ውስጥ አቆየኋቸው።

በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የከፈትኩት ባዶዎቹን ነው። ከመቶ አርባ እጅ ተበልተዋል፤ ስጫናቸው እንደ ስፖንጅ ውሃ አወጡ። ጋሼ፣ የበሰበሰ እንጨት አይቼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በኒም ብቻ የተነከሩት ሃያ እጅ ጎደሉ። ኒምና ሰጋቱራ ያገኙት ስድስት እጅ ብቻ! ውሃ ውስጥ የከረሙት ግን ሃያ ስምንት። በኒም ብቻ ከተነከሩትም የባሰ ነው።

እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው። ውሃዎ ይሠራል፣ ውሃ ግን ያጥበዋል። ጭቃ ውስጥ ለሚቆም ቋሚ በምንም ተአምር አይሆንም። እግሩ የሲሚንቶ መሠረት ላይ ይሁን፣ ከጭቃው ከፍ ብሎ፤ ቋሚው ራሱ ከቀዩ ልብ ይሁን። ለጣውላውና ለመደገፊያው የሰጋቱራውን ውሃ ይቀቡት፣ በየዓመቱ ከዝናቡ በፊት ይድገሙት። በመሮዎ መውጋትዎንም አይተዉ።

ወረቀቱ አብሮ አለ፤ ማህተሙ ክብ ነው። "የማይሠራበት ቦታ" የሚለው ክፍል "የሚሠራበት" ከሚለው ይረዝማል። ዳይሬክተሯ እሱን ጮክ ብላ ታንብበው።

ስንጥር

*

ጥቅምት 9

ለስንጥሬ፣

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ያንቺን ክፉ ለጠላትሽ ያድርገው። እናትሽ ደህና ናት፤ "የልጄ ወረቀት" እያለች ያንን ማህተም ያላሳየችው ሰው የለም። ዳይሬክተሯ እንዳልሽው የማይሠራበትን ክፍል ጮክ ብላ አነበበችው። ማንም አላጨበጨበም፤ ሁሉም ግን እስከ መጨረሻው ሰማ።

የቁም ሳጥኑን ግንድ ሰነጠቅሁት። ለሠላሳ ስምንት ቋሚ አልበቃም፣ የቀረውን ሚስማር ከጓዳው አወጣ። እሱም ለካ ልጁን ሲድር ሊሠራበት የደበቀው ቀይ ግንድ ነበረው! ሰጋቱራውን በሁለት በርሜል ቀቀልነው። የሚስጥሩን ልክ ነገርኩት፤ ሰውዬው ከሚስጥሩ ይልቅ በሚያወጣው ሽታ ተገረመ። መሠረቱን በሲሚንቶ አፈሰስን፣ ቋሚዎቹን በብረት ጫማ አሰርናቸው። ሥራው ሲያልቅ ሁሉንም ከዳር እስከ ዳር በመሮ ወጋኋቸው። መሮው አልገባም፣ ጫፉ ነው የታጠፈው።

ትናንት ተከፈተ። ዳይሬክተሯ በሩ ላይ ቆማለች፣ ወላጆች በመንገዱ በኩል። ልጆቹ ተሰልፈዋል፣ ስድሳ ሦስት ናቸው። ሰው እኔን ፈልጎ አጣኝ። እኔ ከታች፣ ከመሻገሪያው ሥር ጭቃው ውስጥ ገብቼ መሐሉ ላይ ቆሜ ነበር። ዳይሬክተሯ ጎንበስ ብላ አየችኝና "እዚያ ምን ትሠራለህ?" አለችኝ። "ብሎን አጠብቃለሁ" አልኳት። ከዚህ በኋላ አልዋሽም ያልኩት ሰውዬ!

ላንቺ ግን እውነቱን ልንገርሽ። በሥራዬ እርግጠኛ ነኝ፣ በወረቀትሽም እርግጠኛ ነኝ። ግን በፊተኛውም ጊዜ እርግጠኛ ነበርኩ። ከወደቀ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ይሁን ብዬ ነው። ልጆቹ በላዬ አለፉ፤ መጀመሪያ በሰልፍ፣ በኋላ እየሮጡ፣ ሦስቱ ደግሞ መሐል ላይ ቆመው እየዘለሉ። አንዲት ትንሽ ልጅ በጣውላው ክፍተት አየችኝና "አባባ፣ ወድቀህ ነው?" አለችኝ። "አልወደቅሁም፣ ሂጂ፣ እለፊ" አልኳት።

እጄን ቋሚው ላይ አድርጌ ሁሉም እስኪያልፉ ቆጠርኩ። ስድሳ ሦስት ሲሞላ ወጣሁ።

አጎትሽ አናጢው